መንገድ የሚሰናዳው በቤት ነው፤ ወደ ኤውሮፓ ለጕብኝት ለሚሄዱ ቤተ ሰቦች

አገር ማየት ከትምህርት አንዱ ክፍል ነው። ሰው ተወልዶ ባደገበት መንደር ብቻ ሲኖር የራሱ ልማድ የዓለም ሁሉ ልማድ ይመስለዋል፤ ወደ ሌላ አገር ወጥቶ ሲመለስ ግን የአገሩን መልካምነትም ጕድለቱንም ለይቶ ለማወቅ ይችላል። ቀድሞ ወደ ኤውሮፓ መሄድ ለመኳንንትና ለመልእክተኞች የተለየ ነገር ነበር። ዛሬ ግን በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉት ከተሞች ልጁ በጀርመን ወይም በስዊድን፥ ወንድሙ በኢጣልያ ወይም በእንግሊዝ አገር የሚኖርለት ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። ልጆቹም ወላጆቻቸውን ናፍቀው፥ «መጥታችሁ ጐብኙን፤ ሦስት አራት አገር አሳይተን እንመልሳችኋለን» ይላሉ። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ደስታው ወደ ኀዘን፥ ገንዘቡም ወደ ዕዳ የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ፥ በዛሬው ዐምዳችን ስለ መንገድ ዝግጅት ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድሁ።

ሄደው ከተመለሱት ሰዎች ጠይቄ፥ በፍርድ ቤት ጸሓፊነቴም ከሚቀርቡት ጕዳዮች ተመልክቼ የተረዳሁት ነገር አንድ ነው። በኤውሮፓ መንገደኛውን የሚያስቸግረው ነገር አብዛኛው በኤውሮፓ የተፈጠረ አይደለም፤ ከመነሣቱ በፊት በቤቱ ሳይሰናዳ የቀረ ነው። ስሙ በሁለት ዐይነት የተጻፈ፥ የልደቱ ቀን ያልተስተካከለ፥ ጓዙ ያልተመረመረ፥ ገንዘቡ ያልተቈጠረ፥ ከልጆቹም ጋራ ያልተመካከረ ሰው ችግሩን ከጓዙ ጋራ አስሮ ይወጣና በሰው አገር ይፈታዋል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቈስ፥ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ተረት ለእንዲህ ያለው መንገደኛ የተነገረ ይመስላል።

የቀደሙት ሰዎች ሲሄዱ የሚሄዱበትን አሳብ አስቀድመው ይወስኑ ነበር። በ1916 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከአዲስ አበባ ተነሥተው ኢየሩሳሌምንና ምስርን ካዩ በኋላ፥ ፈረንሳይን፥ ቤልጅግን፥ ሉክሳምቡርግን፥ ስዊድንን፥ ኢጣልያን፥ እንግሊዝን፥ ስዊስንና ግሪክን ጐብኝተዋል። ከተከተሏቸውም መካከል ያን ጊዜ ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፥ ራስ ሥዩም መንገሻ፥ ራስ ናደው አባ ወሎ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም ነበሩ። የጉዞውም አሳብ ሦስት ነበር፤ አንደኛው በመጽሐፍና በጋዜጣ ይነበብ የነበረውን ሥልጣኔ በዐይን ለማየት፤ ሁለተኛው ከታየው ውስጥ ለአገር የሚጠቅመውን ለማምጣት፤ ሦስተኛው ለኢትዮጵያ የባሕር በር ለመፈለግ ነው።

ሦስተኛው በዚያ ጉዞ አልተገኘም፤ ሁለቱ ግን ፍሬ ሰጡ። በኢየሩሳሌም የተገኙት 40 አባትና እናት የሌላቸው አርመናውያን ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይዘመር የነበረውን የኢትዮጵያን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከእንግሊዝ ንጉሥ ከጆርጅ 5ኛም ዘንድ በ1860 ከመቅደላ ተወስደው ከነበሩት ዘውዶች አንዱ ተመለሰ። የመንገዱም ታሪክ በብላቴን ጌታ ኅሩይ እጅ ተጽፎ «ደስታና ክብር» በሚል ስም ታተመ። እንግዲህ አሳብን ለይቶ መነሣት፥ የሚጠቅመውን መርጦ ማምጣት፥ ያዩትንም ጽፎ ማቈየት ለመሳፍንት ብቻ የተሰጠ ደንብ አይደለም፤ ለአንድ የባሕር ዳር ቤተ ሰብም ይሆናል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ቤተ ሰቡ ተሰብስቦ «የምንሄደው ለምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ልጅን ለመጐብኘት ነውን? የልጅ ልጅን ክርስትና ለማየት ነውን? ወይስ አገር ለማየት? ሁሉም ይሆናል ቢባል እንኳ የትኛው እንደሚቀድም መወሰን ይገባል፤ የቀኑ አከፋፈልና የገንዘቡ አመዳደብ ከዚህ የሚወጣ ነውና። በ20 ቀን ስድስት አገር ለማየት የሚወድ ሰው የሚያየው የባቡር ጣቢያና የአይሮፕላን ማረፊያ ነው። ከወላጅ ጋራ የሚሄድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት አገር ይምረጥ፤ ከረዥም መንገድም በኋላ አንድ ሙሉ ቀን ለዕረፍት ይተው።

ለሚመጣውም መዘግየት ጥቂት ቀንና ጥቂት ገንዘብ ማትረፍ ይገባል። ራስ መኰንን የንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛን የዘውድ በዓል ለማክበር ወደ ሎንዶን በሄዱ ጊዜ፥ ሰኔ 19 ቀን 1894 እንዲሆን ተወስኖ የነበረው በዓል ንጉሡ በድንገት ስለ ታመሙ ወደ ነሐሴ 3 ቀን ተላልፎአል። የነገሥታት ቀጠሮ እንኳ እንዲህ ከተላለፈ የእኛ የባቡርና የአይሮፕላን ቀጠሮ ሊተላለፍ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ቀጥሎ ስለ ቪዛ እናገራለሁ። ሸንገን በተባለው ውል የተባበሩ 29 የኤውሮፓ አገሮች በአንድ ቪዛ ያስገባሉ፤ እንግሊዝ አገርና አየርላንድ ግን በዚህ ውል ውስጥ ስለሌሉ የራሳቸውን ቪዛ ይፈልጋሉ። የሸንገን ማመልከቻ የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚቈዩበት አገር ቆንስላ ነው፤ ቀኑ እኵል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት አገር ነው። ብዙው ቀን በጀርመን እንዲሆን ታስቦ ሳለ «የእገሌ አገር ቆንስላ ይቀላል» በሚል ወሬ ወደ ሌላ ማመልከት ማመልከቻውን ያስጥላል። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ሊቀርብ ይችላል። የኤውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 በወሰነው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚሰጠው የመመርመሪያ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል፥ ብዙ ጊዜ መግባትና መውጣት የሚያስችለውም ቪዛ እንዳይሰጥ አዘዘ። ስለዚህ ለገና የሚሄድ ሰው በኅዳር ሳይሆን በክረምቱ ማብቂያ ወረቀቱን መሰብሰብ ይገባዋል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ታላቅ ጥንቃቄ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ መግባትን የሚፈቅድ ቪዛ የያዘ ሰው ከፓሪስ ወደ ሎንዶን ተሻግሮ ዘመድ ጠይቆ ወደ ፓሪስ ልመለስ ቢል በሩ ይዘጋበታል፤ ከሸንገን አገሮች በወጣበት ሰዓት ቪዛው አልቆአልና። እንግሊዝ አገርን ለማየት የሚወድ፥ የእንግሊዝን ቪዛ ለይቶ አውጥቶ፥ ሎንዶንን የጉዞው መጨረሻ ያድርግ፤ ወደ አገሩም ከዚያው ይሳፈር። ደግሞ በቪዛው ላይ የተጻፈውን የቀን ቍጥር ማንበብ ያስፈልጋል። ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ጀምሮ የሸንገን አገሮች የመንገደኛውን መግቢያና መውጫ በጣት አሻራና በፊት ምስል መመዝገብ ስለ ጀመሩ፥ አንድ ቀን ማሳለፍ እንኳ ተሰውሮ አይቀርም።

ስለ ስምና ስለ ወረቀት በሥራዬ ዘወትር የማየው ስለ ሆነ ጥቂት ላብራራ። በአገራችን ልማድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ይከተለዋል እንጂ የዘር ስም የለንም። ሴትም ባገባች ጊዜ የአባቷን ስም አትለውጥም። ስለዚህ ባል በአባቱ፥ ሚስት በአባቷ፥ ልጅም በአባቱ ስም ሲጻፉ፥ በአንድ ቤት የሚኖሩ ሦስት ሰዎች በመጨረሻ ስማቸው ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች ይሆናሉ። ይህ ለእኛ ግልጥ ነው፤ ለኤውሮፓ የድንበር ሹም ግን ሦስቱ የማይዛመዱ እንግዶች ይመስሉታል። መድኀኒቱ የጋብቻውን ማስረጃና የልጆቹን የልደት ማስረጃ አስተርጕሞና አስመስክሮ በእጅ ሻንጣ መያዝ ነው። ልጅ ከአንዱ ወላጅ ጋራ ብቻ፥ ወይም ከአያቱ ጋራ የሚሄድ እንደ ሆነ ደግሞ የቀረው ወላጅ በሕግ ፊት የፈረመበት ፈቃድ ያስፈልጋል።

የስሙም አጻጻፍ በላቲን ፊደል አንድ መሆን አለበት። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ በአንድ መንገድ፥ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል፤ በእኛ ጆሮ አንድ ነው፥ በእነርሱ መዝገብ ግን ሁለት ሰው ነው። ሥር ሆኖ የሚቈጠረው ፓስፖርቱ ነው፤ ትኬቱም፥ የባንኩ ወረቀትም፥ የጋብቻውም ትርጕም በፓስፖርቱ ላይ ባለው አጻጻፍ ፊደል በፊደል ይስተካከሉ። በአገራችን የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የልደት ቀን በክርስትና ወረቀት አንድ፥ በትምህርት ቤት ሌላ፥ በመታወቂያ ደግሞ ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አንዳንዱ ስሕተት በመዝገብ ሹሙ ይታረማል፤ አንዳንዱ ግን የፍርድ ቤት ውሳኔ ይፈልጋል። ውሳኔም በአንድ ቀን አይገኝም። ትኬት ከተገዛ በኋላ ወደ መዝገብ ቤት እየሮጡ «ነገ እሳፈራለሁ» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

የዓመቱም አለዋወጥ ብዙ ሰው ያሳስታል። ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ በእኛ ዓመት ላይ 7 ይጨመራል፤ ከዚያ ወዲያ 8 ይጨመራል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 25 ቀን 1970 የተወለደ ሰው በእነርሱ አቈጣጠር የተወለደው በ1978 ዓመት በመጀመሪያው ወር በ3ኛው ቀን ነው። ዓመቱን ብቻ ቈጥሮ 7 የጨመረ ጸሓፊ 1977 ብሎ ከጻፈው፥ አንዱ ወረቀት ከሌላው አንድ ዓመት ይለያል፤ መርማሪውም ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው ብሎ ያስባል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። የእኛ ጧት አንድ ሰዓት የእነርሱ ሰባት ሰዓት መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን የእነርሱ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑ ይረሳል። ትኬቱ «ረቡዕ 01:00» ካለ፥ እኛ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» የምንለው ነው። ረቡዕን ውሎ፥ ራቱን በልቶ፥ ማታ ጓዙን ይዞ የሚመጣ ሰው አይሮፕላኑን የሚያገኘው ሄዶ ነው። በጀርመን፥ በፈረንሳይና በኢጣልያ ያለው ሰዓትም ከእኛ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፥ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ቤተ ሰቡ ትኬቱ እንደ ደረሰ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቈጣጠር በትልቅ ጽሕፈት ገልብጦ በግድግዳ ላይ ይለጥፍ።

አሁን ስለ ገንዘብ። የሸንገን ቪዛ ዋጋ ከ2016 ሰኔ ወር ጀምሮ ለትልቅ ሰው 90 ዩሮ፥ ከ6 ዓመት እስከ 12 ዓመት ላልደረሰ ልጅ 45 ዩሮ ሆኖአል፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። እስከ 30,000 ዩሮ የሚደርስ የሕክምና ወጪ የሚችል ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ መመላለሱ፥ ማደሪያው፥ የትርጕሙ ዋጋ በዚህ ላይ ይደመራል። ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ሳይደምሩ፥ «ልጃችን ይችለዋል» ብሎ መነሣት የልጅን ጫንቃ መስበር ነው። ለጕብኝት ሲባል ቤት ማስያዝ፥ በሬ መሸጥ፥ በአራጣም መበደር አይገባም። ጕብኝት ደስታ ነው፤ ደስታም ከተመለሱ በኋላ ለዓመታት የሚከፈል ሊሆን አይገባውም።

«ወረቀቱን እኔ አሳምርልሃለሁ» ከሚል ደላላ መራቅ ይገባል። ለማሳየት ብቻ ለጥቂት ቀን በተበደሩት ገንዘብ የባንክ ሒሳብን መሙላት አያታልልም፤ የሚጠየቀው የብዙ ወር ገቢና ወጪ ነውና። የሐሰት የሥራ ማስረጃም ቢገኝ ማመልከቻው ከመውደቁ በላይ፥ የመከልከሉ ታሪክ በጋራ መዝገባቸው እስከ 5 ዓመት ተጽፎ ይቈያል፤ በአገራችንም ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትና በርሱ መገልገል ወንጀል ነው። በዚህ ምክንያት እናት የልጇን ሠርግ ሳታይ ልትቀር ትችላለች። እውነተኛው ወረቀት ግን፥ የሥራ ደብዳቤም ቢሆን፥ የቤት ካርታም ቢሆን፥ የጡረታ መታወቂያም ቢሆን፥ ሰውየው የሚመለስበት ኑሮ እንዳለው ይመሰክርለታል።

እናቶች ሆይ፥ አሁን ወደ ጓዙ እንመለስ። እናት ወደ ልጇ ስትሄድ ባዶ እጇን መሄድ አትወድም፤ የምትወስደውም ንጥር ቅቤ፥ ቋንጣና አይብ ነው። ነገር ግን የኤውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና ወተት፥ ከነዚህም የተሠራውን ሁሉ እንዲያስገባ አይፈቅዱም፤ የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ነው። ለሁለት ወር የተጠራቀመ ቅቤ በአይሮፕላን ማረፊያ ወደ ቈሻሻ ሲጣል ማየት ልብ ያሳዝናል። ስለዚህ በርበሬው፥ ሽሮው፥ ድርቆሹና የተቈላው የዘጌ ቡና ይበቃል፤ ሽሮውም ቅቤ ያልገባበት ይሁን። ጫት ግን በብዙ የኤውሮፓ አገሮች እንደ ክፉ ዕፅ የተከለከለ ነው፤ በእንግሊዝ አገርም ከ2006 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ ተከልክሎአል። እዚህ በገበያ በግልጥ የሚሸጥ መሆኑ በዚያ ከመያዝ አያድንም።

ጐረቤትና ዘመድ «ይህችን ጥቅል ለልጄ አድርስልኝ» ማለታቸው የታወቀ ነው። አደራ መቀበል በእኛ ዘንድ ክብር ነው፤ ነገር ግን በመርማሪው ፊት በሻንጣህ የተገኘው ሁሉ ያንተ ነው። ተፈትቶ ያልታየ፥ በዐይን ያልተመረመረ ጥቅል ከማንም ቢሆን አለመቀበል ይገባል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ዕቃውን ከፊቴ ፈትተው ቢያስሩት እወስደዋለሁ» ማለት ንቀት አይደለም፤ ላኪውንም ተላኪውንም ይጠብቃል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኀኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ መድኀኒቱን ከሐኪሙ ወረቀት ጋራ በእጅ ሻንጣው ይያዝ።

የቋንቋም ስንቅ ያስፈልጋል። በዚህ በሐይቃችን ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በሮማ ባሳተሙት በአንድ መጽሐፍ፥ ወደ አገራችን ለሚመጣ ኤውሮፓዊ መንገደኛ የሚሆን ንግግር በፈረንሳይኛና በአማርኛ አዘጋጅተው ነበር። ኤውሮፓዊው ወደ እኛ ሲመጣ እንዲህ ከተሰናዳለት፥ እኛም ወደ እርሱ ስንሄድ ዐሥር ዐረፍተ ነገር ብናዘጋጅ መልካም ነው። «መንገድ ጠፋብኝ፤ የልጄ አድራሻ ይህ ነው»፥ «እጾማለሁ፤ ሥጋ፥ ወተትና ዕንቍላል የሌለበት ምግብ እፈልጋለሁ»፥ «ታምሜአለሁ» የሚሉት በአገሩ ቋንቋ ተጽፈው በኪስ ይቀመጡ። ለአደጋ ጊዜ በኤውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የሚደወልበት ቍጥር 112 ነው፤ ክፍያ የለውም።

በመንገድም ሳሉ የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። በጀርመን ከተሞች ወደ ባቡር ሲገቡ በር ላይ የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ ነጻ ይመስላል፤ ነገር ግን ተቈጣጣሪ በድንገት ይመጣል፥ ትኬት ያልያዘውም ይቀጣል። በኢጣልያ ደግሞ የወረቀት የባቡር ትኬት ከመሳፈር በፊት በጣቢያው ባለው መሣሪያ ማኅተም ይደረግበታል። በጀርመን እሑድ ሱቅ ስለሚዘጋ አስቤዛ ቅዳሜ ይገዛል። በብዙ ጣቢያዎች መጸዳጃ ቤት በገንዘብ ስለሆነ ዝርዝር ሳንቲም አይለይ። ለብስክሌት የተለየውን መንገድ እግረኛ አይቆምበትም፤ ብስክሌት ለለመደው ለባሕር ዳር ሰው ይህ አያስቸግረውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በልጅ ቤት የሚደረገው አኗኗር ነው። በዚያ አገር ያለ ልጅ ማለዳ ወጥቶ ማታ የሚገባ ሠራተኛ ነው፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ወላጅ «ልጄ ሰለቸኝ፤ ቀኑን ሁሉ ብቻዬን ተወኝ» ብሎ ያዝናል፤ ልጁም «የዕረፍት ቀኔን ሁሉ ሰጠሁ፥ አልበቃም» ብሎ በልቡ ያዝናል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የጐደለው ምክር ነው። ከመነሣት በፊት ልጁ ስንት ቀን ከሥራ እንደሚያርፍ፥ በሌላው ቀን ወላጁ ምን እየሠራ እንደሚውል፥ ለየትኛው ነገር ማን እንደሚከፍል በግልጥ ይነጋገሩ። የዘመድ ሁሉ የስጦታ ዝርዝር በልጁ ላይ አይጫን። ልጁ ያለበትን ዕዳና ድካም በዐይን አይቶ መመለስ፥ ከዚያ ወዲያ ገንዘብ ላክ የሚለውን ቃል ያለዝባል፤ ይህም ከጉዞው ትልቅ ትርፍ አንዱ ነው።

ለማየት የሚመረጠውም ነገር ሱቅ ብቻ አይሁን። በሎንዶን ቪክቶሪያና አልበርት በተባለው ቤተ መዘክር፥ ለጎንደር ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ እንደ ነበረ የሚታመነው ከመቅደላ የተወሰደ የወርቅ አክሊል አለ፤ መግቢያውም በነጻ ነው። በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍትም ከመቅደላ የሄዱ በመቶ የሚቈጠሩ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ። በፓሪስ ኬ ብራንሊ በሚባለው ቤተ መዘክር በ1932 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተወሰዱ ሥዕሎች ተቀምጠዋል። በሮማ በቫቲካን ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ፥ በቀደሙት ዘመናት የኢትዮጵያ መነኰሳት ያድሩበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አያት የልጅ ልጁን እጅ ይዞ እነዚህን ቢያሳየው፥ በዚያ የተወለደው ሕፃን የአያቱ አገር ታላቅነት በተረት ብቻ ሳይሆን በዐይኑ ይገባዋል።

በመጨረሻም ለአገር የሚጠቅመውን ይዞ መመለስ ነው። ለጣና ዳር ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ። በጀርመን፥ በኦስትሪያና በስዊስ መካከል የኮንስታንስ ሐይቅ አለ፤ ጣና ከርሱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከከተሞችና ከእርሻ የሚወርደው እድፍ ውሃውን እያበላሸው ስለ ሄደ፥ አገሮቹ በ1959 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የጋራ ጉባኤ አቋቁመው፥ የከተሞቹ ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ ብዙ ገንዘብ አወጡ። ከዓመታት በኋላ ውሃው ጠራ፤ ዛሬ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ከርሱ ይጠጣል። በጣና ላይ ከ2004 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው እምቦጭም የሚፋፋው ከእርሻና ከቤት በሚወርደው እድፍ ነው። ያንን ሐይቅ ያየ መንገደኛ የውሃውን ውበት ብቻ አያውራ፤ ሦስት አገሮች በአንድ ሐይቅ የተስማሙበትን ጥበብ ይናገር፤ በራሱም ግቢ የቈሻሻውን ውሃ ወደ ሐይቁ ከማውረድ ይጀምር ዘንድ እጁን ይከልክል።

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደ ተባለ፥ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ አንድ ደብተር ይያዝ። በመጀመሪያው ገጽ የጉዞው አሳብ፥ በሁለተኛው የወረቀቶቹ ዝርዝርና አጻጻፋቸው፥ በሦስተኛው ወጪው፥ በአራተኛው የቀኑና የሰዓቱ ሠንጠረዥ በሁለቱም አቈጣጠር፥ በአምስተኛው የጓዙ ዝርዝር ይጻፍ፤ የቀረው ገጽ በየማታው የታየውን ለመጻፍ ይሁን። ደብተሩን ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ልጅ ቢይዘው ደግሞ ለትምህርቱ ይረዳዋል። ይህን ያደረገ ቤተ ሰብ ባሕር ዳር ተመልሶ ሲገባ፥ ለጐረቤቱ የሚያሳየው የዕቃ ብዛት ባይኖረው እንኳ፥ ቀጥሎ ለሚሄደው ወንድሙ የሚያበድረው ዕውቀት ይኖረዋል።